ሐዋሳ ላይ አስፈሪ ልቦለድ ለመጻፍ፦ ታናሹን አስቀድሙ፣ ጋኔኑን አስከትሉ

ታዳጊዎች የጻፉትን ረቂቅ እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። ብዙው አስፈሪ ልቦለድ ነው። ቦታው ሐዋሳ ነው። አንድ ክፉ ነገር ይመጣና ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ላይ ያነጣጥራል። ሐሳቡ አሪፍ ነው። ግን ረቂቁ ምዕራፍ ሦስት ወይም አራት ላይ ይቆማል። ሲቆም የማየው ችግር ሁሌ አንድ ነው፤ ጸሐፊው ጋኔኑን ሲያሳምር ሰንብቶ ልጁን ረስቶታል። አንባቢው ያላወቀው ልጅ ቢወሰድ ምን ይሰማዋል? ምንም።

ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 2ን። ልኩ እንዲህ ነው፦ 30 ሺህ ቃል፣ 12 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 2,500 ቃል ገደማ። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። በቀን 500 ቃል ከጻፋችሁ ጳጉሜን ሳትነኩ ትጨርሳላችሁ። ሰኔ ለዝግጅት ነው።

ደረጃ 1፦ በሰኔ ምንም አትጻፉ፣ ተዘጋጁ

ሰኔ የፈተና ወር ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

1. ሐይቁ ዳር ሦስት ጊዜ ሂዱ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት። አንዴ በጠዋት አሞራ ገደል፣ አሳ ሲራገፍና ሲጸዳ። አንዴ ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዳሩን። አንዴ ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። ከጠለቀች በኋላ ከውሃው ዳር ራቁና ወደ ቤት ስትመለሱ ብርሃኑ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በስልካችሁ ቁጠሩ። የፍለጋውን ትዕይንት ስትጽፉ ያቺ ደቂቃ ታስፈልጋችኋለች።

2. የምታዩትን ብቻ አትመዝግቡ። የሚሸተውንና የሚሰማውን ጻፉ። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አሳ የሚያጸዱትን ሰዎች ከቦ ይቆማል። ራሱ መላጣ ነው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ቁመቱ የሰባት ዓመት ልጅ ያህላል፣ አንዳንዱማ ይበልጣል። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ምንቃሩን ነው የሚያንኳኳው። ይሄን ያህል አስፈሪ ፍጥረት በነፃ ቆሞላችሁ እያለ ቀንድ ያለው ጭራቅ የምትፈጥሩ ሰዎች ግራ ታጋቡኛላችሁ።

3. አያታችሁን ጠይቁ። ግን «መንፈስ አለ ወይ?» አትበሏት፤ «ተዪ እንጂ ልጄ!» ብላ ትዘጋዋለች። «ልጅ ሆነሽ ምን አታድርጊ ትባይ ነበር?» በሏት። ማታ ቤት አትጥረጊ። ማታ አታፏጪ። ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት አትበይ። ቀትር ላይ ውሃ ዳር አትቀመጪ። እያንዳንዱ ክልከላ የአንድ ምዕራፍ ዘር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሐይቁ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሳይጨልምም ተመለሱ። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል። ለድርሰት ተብሎ ጉማሬ ፊት አይቆምም።

ደረጃ 2፦ ታናሹን ፍጠሩ

ስለ ክፉው ነገር አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ይሄ ማለቅ አለበት። ከዚህ በኋላ ምሳሌ የማደርገው እኔ ለልቦለድ የፈጠርኳቸውን ሁለት ልጆች ነው፤ ማርታ 15 ዓመቷ፣ በረከት 7።

ዕድሜውን በልክ ቁረጡ። ከ6 እስከ 9 ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ የደረሰበትን አጥርቶ መናገር ይከብደዋል፣ ከበዛ ራሱን ያድናል።

ሃያ ትንንሽ ነገር ጻፉለት። «ደግ ነው፣ ቆንጆ ነው» አይቆጠርም። የሚቆጠረው እንዲህ ያለው ነው፦

በረከት ባጃጅን «ባጃጂ» ይላል። ስኳር ይሰርቃል፣ ከዚያ ጣቱን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። እንጀራ ሲበላ ጠርዙን ይተዋል፤ ጠርዙን ማርታ ትበላለታለች። ማታ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም፤ ማርታ በር ላይ ቆማ መዝፈን አለባት። የፊት ጥርሱ ወልቋል። ጥርሱን ቆርቆሮ ላይ ወርውሮታል።

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ጥርስ ሲወልቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወረወርበት ቤት ብዙ ነው። አንባቢያችሁም ወርውሯል። አሁን ምዕራፍ ሁለት መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ቆርቆሮው ላይ አንድ ትንሽ ነገር ቀጭ ብሎ እየተንከባለለ ቢወርድስ? አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም። ግን አንባቢው ራሱን በብርድ ልብስ ሸፍኗል።

ቀጥሎ፣ ለታላቋ ዕዳ ስጧት። በቤታችን ታላቅ መሆን ሥራ ነው። «ወንድምሽን ያዢው፣ አጥቢው፣ አብይው» ሲባል ነው የሚዋለው። ታላቋ አንድ ቀን ሥራዋን ትታለች። ማርታ ቀትር ላይ ዳቦ ግዢ ተብላ ስልኳ ላይ ስለነበረች በረከትን ላከችው። ይኸው ነው። ትልቅ ኃጢአት አትፈልጉ። ሁላችንም ያደረግነው ትንሽ ስንፍና ይበልጥ ያማል።

በመጨረሻ በሁለቱ መሃል ብቻ ያለ አንድ ቃል ፍጠሩ። በረከት ማርታን «እታ» ነው የሚላት። አፍ ሲፈታ «እትዬ» ማለት አቅቶት የቀረ ነው። ሌላ ማንም እንዲህ አይላትም። ቃሉን በደንብ ያዙት፣ ኋላ ዋጋ ይከፈልበታል።

ፈተና፦ ክፉ ነገር የሌለበትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ለጓደኛ ስጡ። «ከዚያስ፣ ልጁ ምን ሆነ?» ካለ አልፋችኋል። «መቼ ነው የሚያስፈራው?» ካለ ተመለሱና እንደገና ጻፉ።

ካልሰራ፦ ልጁን መልአክ አድርጋችሁታል። አናዳጅ አድርጉት። የማርታን ቻርጀር ይስበር፣ ምስጢሯን እናቷ ፊት ይዘርግፍ። ታናሽ ያለው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የምንሳሳለትም የምናንቀውም ያው ልጅ ነው።

ደረጃ 3፦ ለክፋቱ ሕግ አውጡለት

አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ምን ይፈልጋል? በምን ይገባል? ምን አይችልም? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሁሉን የሚችል ክፋት አያስፈራም፣ ይሰለቻል።

ጥሬ ዕቃውን ከውጭ አታምጡ። እዚሁ የሞላ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይጠቅምም።

እኔ የምወደው የቀትር ጋኔን ነው። መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ (በሌላው አቆጣጠር 91) በጨለማ ከሚሄደው ክፉ ነገር ጎን ለጎን ተጠቅሷል። ሁሉም ሰው እኩለ ሌሊት ነው የሚጽፈው። እናንተ 6 ሰዓት ቀን ላይ ጻፉ። ሙቀቱ ከብዶ፣ ጥላ እግር ስር ገብቶ፣ ሱቁ በር ላይ መጋረጃው ወርዶ፣ መንገዱ ላይ አንድም ሰው ሳይኖር። በብርሃን የመጣ ነገር መብራት በማብራት አይባረርም።

ውርዝልያም አለች። በክታብ ውስጥ ሕፃናትን የምትገድል ናት፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት ይሳላል። በአንዳንዱ ትረካ የገዛ እህቱ ናት። ክፋቱ ከቤተሰቡ ውስጥ የመጣ መሆኑ ለርዕሳችን ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሃይማኖታዊ ትረካ መሆኑን አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ዱካክ ለአንድ ትዕይንት ያህል ግሩም ነው። ነቅታችሁ፣ ዓይናችሁ ተከፍቶ፣ ሰውነታችሁ አልታዘዝ ሲላችሁ። ሳይንሱ ቀላል ነው፤ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻ ይፈታል፣ አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል። አንባቢው ደርሶበት ያውቀዋል፤ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። መጽሐፉን በሙሉ ግን አይሸከምም።

ጭራቅ ለታዳጊ አይሆንም፣ ይስቅበታል። ዛር የራሱ ሥርዓት ያለው፣ ሰዎች አብረውት የሚኖሩት ነገር ነው፤ በደንብ ካላወቃችሁ ተዉት።

ማስጠንቀቂያ፣ ሦስት ነው፣ ሦስቱንም አክብሩ፦

ቡዳን አትንኩ። ይሄ ስም በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩና በቆዳ ፋቂው ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው። ሰው ከጋብቻና ከጉርብትና የተገለለበት ቃል ነው። ክፍላችሁ ውስጥ አያቷ ሸክላ ትሠራ የነበረች ልጅ ልትኖር ትችላለች።

ክፉው ነገር ልጁን ሲይዘው መሬት ላይ ጥሎ አያንዘፍዝፈው፣ አረፋ አያስደፍቀው። ያ የሚጥል በሽታ ነው፤ መድኃኒት ያለው የአንጎል ሕመም ነው። መንፈስ ነው እየተባለ ሕክምና የዘገየበት ልጅ ስንት ነው! እናንተ ደግሞ አትጨምሩበት።

ፊቼ ጨምበላላን የጋኔን ሥርዓት አታድርጉት። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ጉዱማሌ ላይ ሰው ሆ ብሎ የሚጨፍርበት ቀን ነው። ልጁ በዚያ ሕዝብ መሃል ሊጠፋ ይችላል፤ በዓሉ ግን ጥፋተኛ አይደለም።

የእኔ የሕግ ገጽ እንዲህ ይነበባል፦

የሚፈልገው፦ ሰው ቤት ገብቶ ማዕድ ላይ ቦታ ማግኘት።
የሚገባበት፦ ቀትር ላይ በሚወዱት ሰው ድምፅ ይጠራል። ልጁ ሦስት ቀን «አቤት» ካለው ገባ።
የማይችለው፦ የማንንም ድምፅ ያስመስላል፤ ሁለት ሰዎች ለራሳቸው የፈጠሩትን ቃል ግን ማለት አይችልም።

ያቺ «እታ» አሁን መሣሪያ ሆነች። አንባቢው ሕጉን ምዕራፍ ስምንት ላይ ሲያውቅ፣ በረከት ካለፉት አራት ምዕራፎች ወዲህ «እታ» ብሎ እንደማያውቅ ራሱ ገልብጦ ያያል።

ካልሰራ፦ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ጋኔናችሁ በገጹ የሌለ ነገር ካደረገ ሁለት ምርጫ ብቻ አላችሁ። ወይ ትዕይንቱን ሰርዙ፣ ወይ ምዕራፍ ሁለት ተመልሳችሁ ፍንጩን ትከሉ። «መንፈስ ነው፣ ምን ይሳነዋል» የሚል ሰበብ የለም።

ደረጃ 4፦ ቤቱንና ሰፈሩን ሳሉ

በእጃችሁ ካርታ ሥሩ። የግቢው በር የት ነው? ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? የውሃ ሮቶው የት ቆሟል? ሰርቪስ ቤት ማን ተከራይቷል?

ምድር ቤት አትጻፉ። የሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ አትጻፉ። እናንተ ቤት ያለው ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ሲሮጥ ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? «አይጥ ነው፣ ተኛ» ይባላል። እስኪ አንድ ሌሊት የአይጡ ሩጫ በሁለት እግር ይሁን።

መብራት መጥፋቱን ማስፈሪያ አታድርጉ። እኛ መብራት ሲሄድ «ሄደ!» ብለን ሻማ ነው የምንፈልገው። ገልብጡት። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ የበረከት ክፍል አምፖል ብቻ ይብራ።

የከተማዋን ድምፅ ተጠቀሙ። ሐዋሳ ሌሊትም ዝም አትልም፤ ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የጸሎት ቤት መዝሙሩ፣ ባጃጁ፣ ውሻው። ፍርሃት የሚመጣው እነዚህ አንድ በአንድ ሲጠፉ ነው። ሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ነው፣ እናንተ ደግሞ ያኔ ምዕራፍ አራትን እየጻፋችሁ ነው። ሄዳችሁ ሕዝቡን እዩ። እጅ ይዞ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አንዴ የተለቀቀ ትንሽ እጅ እንዴት እንደሚጠፋ።

አንድ ነገር ደግሞ የጂኦግራፊ መምህራችሁ ነግሯችሁ ይሆናል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ አይወጣም። ይህቺን መረጃ በትምህርት ሰዓት፣ እንደ ዋዛ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ አስቀምጧትና ዝም በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፉውን ነገር በስም የሚታወቅ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ አታስገቡ። ስም ፍጠሩለት። ሐይቁ፣ ታቦር ተራራ፣ አላሙራ ተራራ ግን የሁሉም ናቸው።

ደረጃ 5፦ አዋቂዎችንና ስልኩን ከመንገድ አንሱ

ይሄኛው አጭር ነው ግን ብዙ ረቂቅ የወደቀበት ነው። አንባቢው «ለምን ለእናቷ አትነግራትም?» ካለ አለቀላችሁ። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺፍት ትሠራ፣ አባቷ ረጅም መንገድ ሾፌር ይሁን። ማርታ ትንገራቸውም። ይስሟት፣ ግን በተሳሳተ መንገድ ይረዷት። «በስልክ ምክንያት እንቅልፍ አጥታ ነው» ብለው ስልኩን ይንጠቋት። አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ፤ ስልኩም ሄደ።

የቤተሰቡን እምነት አስቀድማችሁ ወስኑ። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ጠበል፣ ፕሮቴስታንት ከሆኑ ጸሎት፣ ሙስሊም ከሆኑ ሩቅያ ሳይሞከር የሚቀር የለም። አይሞከር ካላችሁ ማንም አያምናችሁም። ካፌዛችሁበት አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ሁሉን ከፈታው ደግሞ ማርታ ምን ትሥራ? ስለዚህ ያግዝ፣ ጊዜ ይግዛላት፣ የመጨረሻው ሥራ ግን ዕዳው ያለባት ልጅ ብቻ የምትሠራው ይሁን።

ደረጃ 6፦ ጻፉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ምዕራፍ 1 እና 2፦ ወንድምና እህት፣ ጥል፣ የወለቀው ጥርስ፣ ዳቦ መላኩ። ልጁ ተመልሶ ይመጣል። ዳቦውን ይዟል። አርፍዷል፣ ግን ይመጣል።

ምዕራፍ 3፦ የመጀመሪያው ጥሪ። ማርታ እናቷ በረከትን ስትጠራው ትሰማለች። እናቷ ሥራ ላይ ናት።

ምዕራፍ 4፦ ገብርኤል። ሕዝቡ፣ የተለቀቀው እጅ፣ ከሰዓት በኋላ የተገኘው ልጅ። የዚያን ቀን ማታ እራት ይቀርባል። በረከት የእንጀራውን ጠርዝ ይበላል። እዚህ ቁሙ። ምንም አትጨምሩ። ምዕራፍ አንድን ያነበበ ሰው ይበቃዋል። ይሄ ትዕይንት ካላስደነገጠ ጥፋቱ እዚህ አይደለም፣ ደረጃ 2 ላይ ነው።

ምዕራፍ 5 እና 6፦ አዋቂዎች ይሞክራሉ፣ የተሳካ ይመስላል። ልጁ ይስቃል፣ ስኳር ይሰርቃል። ጣቱን ግን አይጠርግም።

ምዕራፍ 7፦ ሁላችሁም የምትሞቱበት ይሄ ነው። መሃሉ ይለሰልሳል፣ ጋኔኑ መጥቶ ያስደነግጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። መድኃኒቱ ሌላ ድንጋጤ አይደለም። ማርታ እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ታድርግ፤ ራሷ ሠርታ፣ አምናበት፣ ነገሩን የሚያብስ። በረከትን ከቀትር ለመደበቅ ክፍል ውስጥ ትቆልፈዋለች። ድምፁ በር አያስፈልገውም። ልጁም ብቻውን ስለሆነ «አቤት» ይላል።

ምዕራፍ 8 እስከ 10፦ ሕጉ ይገለጣል፣ ማርታ ዕዳዋን ለእናቷ ትናገራለች፣ ልጁ ይጠፋል። ፍለጋው ሐይቁ ዳር፣ በዚያች የቆጠራችኋት ደቂቃ ውስጥ።

ምዕራፍ 11 እና 12ን ለደረጃ 8 እናቆያቸው።

ካልሰራ፦ ሦስት ቀን ተከታትሎ 500 ቃል ካልመጣላችሁ ኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። ማረም የስንፍና የክት ልብሱ ነው። ቀጣዩን ትዕይንት በአምስት መስመር፣ ለጓደኛ በምታወሩበት ቋንቋ ጻፉትና እለፉ። ስልክ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በየማታው ጽሑፉን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። አንድ ልጅ ዘጠኝ ምዕራፍ ባጃጅ ላይ ረስቶ ወርዷል። እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ያመኛል።

ደረጃ 7፦ ዓረፍተ ነገሩን አስፈሪ አድርጉ

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ የምንጠቀምበት ግን ጥቂት ነን።

ግሱን እስከ መጨረሻ ያዙ። ደካማው እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ ከአባ ኮዳዎቹ መሃል ቆሞ አየሁትና በጣም ደነገጥኩ።» ይሄ ወሬ ነው። እንዲህ አድርጉት፦ «አባ ኮዳዎቹ ውሃው ዳር ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፣ ስድስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሰባት። ሰባተኛው ጫማ አድርጓል።»

ጾታውን ደብቁ። ግሳችን ያጋልጣል፤ «መጣ» ካላችሁ ወንድ፣ «መጣች» ካላችሁ ሴት። የማይታወቅ ነገር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ባለቤት የሌለውን ግስ ውሰዱ፦ ተንኳኳ፣ ተጠራ፣ ጨለመ፣ ከበደ። ወይም ሆን ብላችሁ አምታቱ። ትናንት «ጠራኝ» ያለ ልጅ ዛሬ «ጠራችኝ» ቢል፣ ማርታ ሰምታ ምንም ሳትል ሳህን ማጠቧን ብትቀጥል፣ አንባቢው አልሰማም?

አክብሮቱን አዛቡ። ከሁሉም የምወዳት ይህቺ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ እህቱን ያያታል። «ማርታ» ይላታል፣ በስሟ። ከዚያ «ይቀመጡ።» ቢላዋ የለም፣ ጥርስ የለም። «ይቀመጡ» ብቻ።

ድንጋጤን ከሌላ አፍ አትዋሱ። «ኦ አምላኬ! እዚያ ማን አለ?» የሚል ሐዋሳ ውስጥ አላውቅም። «ማነው?» ነው የሚባለው። «በስመ አብ!» «በኢየሱስ ስም!» «አዑዙ ቢላህ!» እንደ ቤቱ።

ኮሽ፣ ቀጭ፣ ሲጥ፣ ጓ የሚሉትን በገጽ ከአንድ አታሳልፉ። ከበዙ ካርቱን ይሆናል።

በመጨረሻ ረቂቁ ውስጥ «አስፈሪ»፣ «ዘግናኝ»፣ «በድንገት» የሚሉትን ፈልጋችሁ ሰርዙ። ከተሰረዙ በኋላ ትዕይንቱ ካላስፈራ መጀመሪያም አላስፈራም።

ደረጃ 8፦ መጨረሻው

የተከለከለው አንድ ነው፦ «ለካ ሕልም ነበር።» ይሄን የሚያደርግ ሰው የ30 ሺህ ቃል ዕዳ አለበት።

ማርታ ከምትወደው ነገር ከፍላ ታምጣው። ክፍያው ከሕጉ ገጽ ይውጣ። የእኔዋ ማርታ ውሃው ዳር ቆማ ሁለት በረከቶች ያዩዋታል፤ ሁለቱም ጥርሳቸው ወልቋል፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። አንዱ «እታ» ይላታል። እጁን ትይዛለች። ግን ያኛው ነገር ባዶ እጁን አይሄድም። ማዕድ ላይ ቦታ ነበር የፈለገው፣ ከማዕዱ አንድ ነገር ይወስዳል። በነጋታው በረከት ምሳ ይበላል፣ ጠርዙን ይተዋል፣ ማርታ ትበላለታለች። ከዚያ ቀና ብሎ «ማርታ፣ ውሃ ስጪኝ» ይላል። ልጁ ተመልሷል። ቃሉ ግን ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል።

ካልሰራ፦ መጨረሻው ከለሰለሰባችሁ ክፍያው ርካሽ ነው። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን የሃያውን ዝርዝር አውጡና አንባቢው በጣም የወደዳትን ውሰዱ።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ጽሑፉን ለአንድ ሳምንት ዝጉት። ከዚያ ከ13 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ ሁለት ሦስት ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፊታቸውን እንጂ ወረቀቱን አትዩ። ስልክ የነኩበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ያ አንቀጽ ይቆረጣል። የሳቁበት ቦታ ላይም ምልክት አድርጉ፤ ሳቁ የፍርሃት ከሆነ ይቆይ፣ የንቀት ከሆነ ጋኔናችሁ ብዙ አውርቷል። ዝም አስብሉት።

ጨርሳችሁ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አሪፍ ነው» ነው የሚሏችሁ። «በረከት ጠርዙን ለምን በላ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካወቁ ሠርቷል።

ለገዛ ታናሻችሁ ግን አታንብቡለት። ማታ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማችሁ የምትዘፍኑት እናንተው ናችሁ።